ዱባዬን ማጽናናት ይቁምልኝ

ለተከበሩ አቶ ማናሴ ቶላ
የጎርፍ ማዶ ሰፈር ነዋሪዎች መረዳጃ ዕድር ዳኛ
አዳማ

ጉዳዩ፦ ለዱባ የሚደረገው የማጽናናት አገልግሎት እንዲቆም በትሕትና ስለ መጠየቅ

የተከበሩ ጋሽ ማናሴ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ጉልበትዎ፣ ያ በብርድ የሚነሣብዎ ወገብዎ፣ ከሁሉም በላይ ያለ ድምፅ ማጉያ እስከ አስፋልቱ የሚሰማው ድምፅዎ እንዴት ነው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ አለሁ። አለሁ ማለት ጠዋት እነሣለሁ፣ ሲመሽ እተኛለሁ፣ ሰው ሲመጣ ተቀመጡ እላለሁ፣ ሲሄድ እግዜር ይስጥልኝ እላለሁ። ከዚህ ውጪ የሚሰማኝ ነገር የለም። ሰዎች ደንዝዛለች ይላሉ፤ እኔም ሰምቻለሁ፣ አልከፋኝም፤ እንዲከፋኝም የሚሰማ ነገር ያስፈልጋል።

ሐዘን ላይ ያለች ሴት ደብዳቤ መጻፍ ምን ሆና ነው የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። በትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ጡረታ እስክወጣ የሠራሁ ሰው ነኝ፤ በቃል መናገር ሲያቅተኝ እጄ በወረቀት ላይ ያለ እኔ ፈቃድ ይሄዳል። ደብዳቤው ግልጽ የሆነበትም ምክንያት ቀላል ነው። የዱባዬ የማጠጫ ተራ የወጣው በዕድሩ የቴሌግራም ግሩፕና በዕቃ ቤታችን በር ላይ ስለሆነ፣ አቤቱታውም እዚያው ቢለጠፍ ደንቡን የጠበቀ ይሆናል ብዬ ነው። ግሩፑ ውስጥ የሌሉ ጎረቤቶቻችንም ነገሩን ይረዱት ዘንድ ከሥሩ ልጀምር።

ባለቤቴ አብተው ከሞጆ ደረቅ ወደብ እስከ ጅቡቲ በከባድ መኪና ሲመላለስ ዕድሜውን የፈጀ ሹፌር ነበር። ቤቱ የሚያድረው እንደ እንግዳ ነበር። አንድ ነገር ሲዘራ ቢያይ ሲያፈራ አያይም፤ ሲያፈራ ቢያይ ሲበስል አይደርስበትም። ዓምና መሪውን ለሌላ ሰጥቶ ቤት ሲገባ፣ ከደራ ገበያ አንዲት ዱባ ገዝቶ በጋቢናው ወንበር ላይ እንደ ተሳፋሪ አስቀምጦ አመጣ። ቀቅለን በላናት። እንዲህ ያለ ዱባ በልቼ አላውቅም አለና ፍሬዋን አንድ በአንድ ለቅሞ በጨርቅ ላይ አሰጣ። ዘንድሮ ጥር ላይ ከፊት ለፊት በአጥሩ ሥር ሦስት ጉድጓድ፣ ከጓሮ ከሽንት ቤቱ ጀርባ ደግሞ ለሙከራ አንድ ጉድጓድ ቆፈረ። የእኛ አፈር አሸዋ ነው፣ ውሃ አይዝም ብሎ ከወንጂ በኩል ጥቁር አፈር በጋሪ አስመጥቶ ከፍግ ጋር ሞላው። በየጉድጓዱ ጎን ደግሞ ታችዋ በምስማር የተበሳሳ፣ አንገቷ ብቻ ከመሬት ብቅ ያለ የዘይት ጀሪካን ቀበረ።

ማጠጣት የሚባለው ሥራ በሙሉ እንዲህ ነበር፦ ጎህ ሲቀድ፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ፣ ከሮቶው በጣሳ እየቀዱ ጀሪካኗን በአንገቷ መሙላት ነው። ውሃው ከሥር ቀስ ብሎ ይሰርጋል፣ ሥሩም ወደ ታች ይከተለዋል፤ ቅጠሉ ጠብታ አይነካውም። ከዚያ መተው ነው። ጣት አፈሩ ውስጥ ሰድደው እርጥበት እስካገኙ ድረስ መተው። ዱባ ማጠጣት ግማሹ ማጠጣት፣ ግማሹ መተው ነው ይል ነበር አብተው። እኔ እቀዳለሁ፣ እሱ ጎንበስ ብሎ ያፈሳል፤ ወገቡን ሲያመው እሱ ይቀዳል፣ እኔ አፈሳለሁ። ያን ሁሉ ዘመን በትዳር ኖረን፣ ጠዋት ጠዋት አብረን የሠራነው ሥራ ይህ ብቻ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ቢጫ አበቦች በፈኩበት ሳምንት አብተው ሞተ። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ፣ ጫማውን ሳያወልቅ፣ ወንበር ላይ አረፍ እንዳለ ቀረ። ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ የምጽፈው የለኝም።

ዕድሩ ደረሰ። ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ጥሩምባው ተነፋ፣ ድንኳኑ ቆመ፣ አግዳሚው ተደረደረ፣ እኔ ፍራሽ ላይ ተቀመጥኩ፣ እህል የቀረበው ከየት እንደመጣ ሳላውቅ ቀረበ። ልጃችን ሶሲ ከቢሾፍቱ መጥታ፣ ከአበባ እርሻው የተሰጣት ፈቃድ እስኪያልቅ አጠገቤ ተቀምጣ ሄደች። የዕድራችንን ውለታ አፈር እስክገባ አልረሳውም። ችግሩ ዕድራችን ሰው ቀብሮ የሚያበቃ ዕድር አለመሆኑ ነው። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚል ዕድር ነው። ስለዚህም ምስጋናዬንና ቅሬታዬን መለየት ስላቃተኝ አንድ ላይ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የቀብሩ ዕለት ከሰዓት በኋላ ግቢያችን እንግዳ የሚገባበት ነውና ቆሻሻ አይታይበት በሚል መልካም አሳብ፣ አባሎቻችን ግቢውን ጠረጉ። ሲጠርጉም በአጥሩ ሥር አንገታቸውን ያወጡ ሦስት አሮጌ ጀሪካኖች አገኙና፣ አቤት የዚህ ቤት ጉስቁልና ብለው በአዘኔታ፣ ከነሥራቸው ነቅለው ለቆራሌው ሰጡ። ቆራሌው በጆንያ ተሸክሟቸው በበሩ ሲወጣ ከፍራሼ ላይ ሆኜ አይቻለሁ። ባሌን በጠዋት፣ ጀሪካኖቹን ከሰዓት ሸኘሁ። ግቢው ግን በእውነት በጣም ንጹሕ ነበር፤ እግዜር ይስጥልኝ።

ሁለተኛ፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ የእጅ መታጠቢያ ውሃ በከንቱ አይፍሰስ ተባለና፣ ንፍሮ የበላ ሁሉ እጁን የሚታጠበው ዱባው ላይ ሆነ። ማስታጠቢያው ሲሞላ ዱባው ላይ ይደፋል። የሳህኑ ማጠቢያ ከነኦሞው ዱባው ላይ ይደፋል። የንፍሮውም ውሃ እንፋሎቱ ሳይበርድ ዱባው ላይ ይደፋል። በሳሙና ታጥቦ፣ በፍል ውሃ ተለቅልቆ፣ ባቄላ ለሚጣበቅበት ዱባ ንጽሕናው ምን እንዳደረገለት ባላውቅም፣ የአባሎቻችንን ቁጠባ ሳላደንቅ አላልፍም።

ሦስተኛ፣

ሦስተኛው ጠፋብኝ። ልጽፍ ስቀመጥ ነበረኝ። ሰሞኑን እንዲህ ያደርገኛል፤ ሻይ እጥድና መጣዴን እረሳለሁ፣ በር እከፍትና ለማን እንደከፈትኩ እረሳለሁ። ሲመለስልኝ እጽፈዋለሁ። ቁጥሩ ግን ቦታውን ይጠብቅ ብዬ ትቼዋለሁ፤ የመዝገብ ቤት ልማድ ነው።

አራተኛው የእርስዎ የራስዎ ነው፣ ጋሽ ማናሴ። በሠልስቱ ዕለት፣ የአዳማ ፀሐይ አናት በሚበሳበት በቀትር፣ ከድንኳኑ ወጣ ብለው የዱባው ቅጠል ሁሉ ተጣጥፎ ወደ መሬት መውረዱን አዩ። ዱባ በቀትር ቅጠሉን ይጥላል። ይህ ጥም አይደለም፤ የራሱን ትንፋሽ መቆጠቡ ነው፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ መልሶ ይነሣል። የሚያስፈራው አድሮ ጠዋት ጠውልጎ ሲገኝ ነው። እርስዎ ግን እስከ ማታ አልጠበቁለትም። ከዘራዎን ተደግፈው ወደ ድንኳኑ ተመለሱና፣ ይህ ተክል ባለቤቱን ተከትሎ ሊሄድ ነው፣ ሐዘን ገብቶታል፣ አብተው እንዴት ያለ ሰው ቢሆን ነው ቅጠል እንኳ የሚያለቅስለት ብለው ተናገሩ።

ድንኳኑ ውስጥ ያልተንሰቀሰቀ አልነበረም። ከኋላዬ የተቀመጡ አንዲት ሴት፣ ስማቸውን አልጽፍም፣ ዱባው እንኳ እንዲህ ሲሆን እሷ እንባ ጠብ አላላትም ብለው ለአጠገባቸው ሰው ሲያንሾካሹኩ ሰማሁ። እውነታቸውን ነው። ጠብ አላለኝም። እስካሁንም አላለኝም። ሟች ሚስቱን በእንባዋ ለይቶ ፈልጎ ቢመጣ ከዱባው ጎን ይቀመጥ ነበር ማለት ነው። ሴት በባሏ ለቅሶ ላይ በሐዘን ስትበለጥ ደስ አይላትም፤ በአትክልት መበለጥ ደግሞ ለብቻው ነው።

ከዚያ እርስዎ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለውን አነሡ። ዕድራችን አንድን ዱባ ማዳን ካቃተው ምኑን ዕድር ሆነ አሉ። ወዲያው ተራ ወጣ። እያንዳንዱ አባወራ በተራው አንድ ጀሪካን ውሃ ያመጣል፤ ሰዓቱም ዱባው ይበልጥ የሚያዝንበት ቀትር ይሆናል፤ ውሃውም ራስ ምታቱ እንዲበርድለት ከላይ፣ በቅጠሉ ላይ ይፈስሳል። ራስ ምታቱ የሚለው ቃል የእርስዎ ነው፣ እኔ አልጨመርኩም። ለሃምሳ ሰው ጌጥ የሆነው ነገር ለአንድ ዱባ ምን እንደሆነ ግን ያነሣ ሰው አልነበረም።

አምስተኛ፣ ዕድር ያለ ቅጣት አይቆምምና፣ ተራውን ያሳለፈ አባል በገንዘብ ፈንታ በእጥፍ ያጠጣል ተባለ። ውሃ በአህያ ጋሪ የሚያከፋፍሉት አቶ ሁንዴ ለሠርግ ደራ ሄደው ተራቸው አለፈ። ሲመለሱ ቅጣት የሚፈሩ ሰው አለመሆናቸውን ለማሳየት ጀሪካን ሳይሆን በርሜሉን ከነጋሪው ግቢ አስገቡ። አህያዋ አንዱን ሐረግ ረገጠች፣ ሌላኛውን በላች። አቶ ሁንዴ ግን ላባቸውን እየጠረጉ፣ የአብተው ነገር ቢሆንብኝ ነው፣ ለሌላ ሰው ቢሆን አላደርገውም አሉኝ። እኔም አምናቸዋለሁ።

በዚህ ሁሉ መካከል ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም፤ ይህ በመዝገብ ይያዝልኝ። ደጋግሜ ተነሥቻለሁ። በተነሣሁ ቁጥር ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ትከሻዬን ይዘው ይመልሱኛል፤ ተይ፣ አንቺ ሥራ አትንኪ፣ ዕድሩ አለልሽ ይሉኛል። እባካችሁ አታጠጡት ስላቸው፣ ምስኪን፣ ከሐዘኑ ብዛት እንኳን ዱባው እኔም ልሙት ትላለች ብለው ያቅፉኛል። ልቤ ተሰብሮ ከሆነ አላውቅም፤ ጎኔ ግን ከመታቀፍ ብዛት ሰንብሯል።

ከመላው ዕድር ዱባ ማጠጣት የገባቸው አንድ ሰው ብቻ ናቸው፦ ጎረቤቴ ወይዘሮ ቀመሪያ። ሴቶቹ በሚይዙኝ ጊዜ ከጎኔ ተቀምጠው ኦብሲ፣ ኦብሲ፣ ቻይው እህቴ ይሉኝ ነበር። ተራቸው ሲደርስ ጀሪካናቸውን ተሸክመው እያቃሰቱ መጡ፣ ሕዝብ እያየ ዱባው ላይ ገለበጡት፣ አራግፈው ሄዱ። ጀሪካኑ ባዶ ነበር። እርስዎም በዚያ ቀን ቀመሪያ አላህ ይስጥሽ ብለው መርቀዋቸዋል። ይህን በማውጣቴ ቅጣት ከተጣለባቸው በእኔ ስም ይያዝልኝ፤ የሰጡኝን እኔ ነኝ የማውቀው።

እንግዲህ የሆነው ሆነ። ቅጠሉ መጀመሪያ ቢጫ ነጠብጣብ፣ ከዚያም በሆዱ በኩል ግራጫ ሻጋታ አወጣ። አበቦቹ ንብ ሳይጎበኛቸው ረግፈው ጭቃው ላይ ተለጠፉ። ግንዱ ከመሬት የሚገናኝበት እንደ ከረመ ሙዝ ለስልሶ፣ ስነካው በእጄ ላይ ቀረ። ጥቁሩ አፈር ውሃ ይይዛል ብሎ አብተው ያስመጣው አፈር ነበርና፣ ታዝዞ ያዘው። የረገፈውን ቅጠል ያዩ ደግሞ አላልናችሁም፣ ሐዘኑ ጠናበት እያሉ ውሃ ጨመሩ። ከአርባው በፊት ሦስቱም ተከታትለው ሞቱ። ይህ ተክል ባለቤቱን ተከትሎ ሊሄድ ነው ያሉት ትንቢትዎ እንዲህ ያለ ትጋት ታክሎበት ደርሷል፤ እንኳን ደስ አለዎት።

ስድስተኛውና ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝ ነገር አራተኛዋ ዱባ ናት። ከሽንት ቤቱ ጀርባ ያለችው። እዚያ ለለቅሶ የሚቀመጥ ሰው ስላልነበረ ማንም አላያትም። ጀሪካኗ አልተነቀለም፣ እጅ አልታጠበባትም፣ ንግግር አልተደረገላትም። ሁሉም ሰው ሳይነቃ እየወጣሁ በሻይ ማንቆርቆሪያ ጀሪካኗን ስሞላ ከረምኩ። ሥሯን ፀሐይ እንዳያደርቀው ደረቅ ሣር አለበስኳት። በቆርቆሮው ግድግዳ ላይ ወጣች፣ አበበች፣ ንብ መጣላት፣ አንዲት ፍሬ ያዘች። ፍሬዋ ዛሬ የሕፃን ራስ ታህላለች፣ ገና አረንጓዴ ናት፣ ቆዳዋን በጥፍር ሲጫኗት ይበሳል። ያች ፍሬ ስትበስል ነው ውስጧ ያለው ዘር የሚጠነክረው። አብተው በጨርቅ ላይ ያሰጣውን ዘር በሙሉ ዘርቶታል፤ ያስቀረው አልነበረም። እንግዲህ ከእሱ እጅ የቀረኝ እሷ ናት፤ ሌላ የለኝም። እህቶቿ የሞቱት ሲያጽናኗቸው ነው፤ እሷ የተረፈችው ማንም ስላላጽናናት ነው።

በአርባው ዕለት፣ ጋሽ ማናሴ፣ እርስዎ ሽንት ቤት ሄዱ።

ሲመለሱ ፊትዎ እንዴት ይበራ እንደነበር እኔ እንኳ በዚህ ድንዛዜዬ አይቼዋለሁ። አብተው አንዲት አስቀርቶልናል፣ ይህችን እንኳ አናስነካም ብለው ለሕዝቡ ተናገሩ፤ ሕዝቡም አጨበጨበ። ተራው እስከ ሰማንያው ተራዘመ፤ በጀሪካን መመላለሱ አድካሚ ስለሆነ ከቧንቧው ጎማ እንዲዘረጋ ተወሰነ፤ ሥራውም ከፊታችን ማክሰኞ ይጀመራል ተባለ። ለሰማንያውም ዱባዋ ተቀንጥሳ ትሠራለች ተባለ። ይህ ሁሉ ሲወሰን እኔ በቦታው ነበርኩ። የተቃወመ አለ ወይ ብለው ሲጠይቁ አፌ አልከፈት አለኝ፤ እሱም እንደ ድጋፍ ተቆጠረልኝ። ይኸው አሁን እየተቃወምኩ ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ። ጎማው አይዘርጋ። ማክሰኞ ማንም ውሃ ይዞ አይምጣ። የግድ ዱባን መርዳት የሚወድ አባል ካለ በየቤቱ ዘርቶ በጠዋት ያጠጣ፤ ከሥር ያጠጣ፣ ቀስ ብሎ ጠገብ አድርጎ ያጠጣ፣ ከዚያ እጁን ኪሱ ከትቶ ይሂድ፤ በቀትር ቅጠሉ ሲወርድ ቢያይ ቤቱ ገብቶ ምሳውን ይብላ። የዱባ ቆዳ መጠንከር ሲጀምር ደግሞ ውሃ ይቀነሳል፤ በመጨረሻው ጊዜ ጨርሶ ይተዋል ለማለት ይቻላል። መብሰል የሚመጣው ሲተዉት ነው። ይህን የምለው አጋንኜ አይደለም፤ እህቶቿ ምስክር ናቸው።

ይህን ስጽፍ ሦስተኛው መጣልኝ።

በቀብሩ ማግስት፣ ጎህ ሲቀድ፣ ድንኳኑ ውስጥ ያደሩት ሁሉ ተኝተው ሳለ፣ እግሬ እንደ ልማዱ ይዞኝ ወጣ። ጣሳውን ከሮቶው ሥር አነሣሁ። ያ ጣሳ አብተው በአፋር በረሃ የመኪናውን ራዲያተር ያጠጣበት የነበረ፣ ጆሮውን በሽቦ የሠራለት የወተት ጣሳ ነው። ቀዳሁ። የሚቀበለኝ ሰው እንደሌለ ያወቅሁት ቀድቼ ዞር ስል ነው። ጀሪካኗ በነበረችበት ጎንበስ ብዬ ራሴ ላፈስ ስል ውሃው ከጠርዙ አልፎ እጄ ላይ ፈሰሰ፤ ቀዘቀዘኝ። አብተው ካረፈበት ሰዓት ጀምሮ የተሰማኝ የመጀመሪያ ነገር ያ ነበር። ከዚያ ሌላም ነገር መጣ። ይመስለኛል ላለቅስ ነበር።

እርስዎ ነቅተው ነበር። ከኋላዬ መጥተው፣ ልጄ፣ ዛሬ የሥራ ቀን አይደለም፣ እኛ ምን ልንሠራ ነው ያለነው ብለው ጣሳውን ከእጄ ተቀበሉኝ። በደግነት ነው። በሁለት እጅዎ ነው የተቀበሉኝ። ውሃውን ቅጠሉ ላይ ደፉት፣ ክንዴን ይዘው ወደ ፍራሼ መለሱኝ። ያ የመጣው ነገርም ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ አልመጣም። ሲያንሾካሹኩብኝ የነበሩት እመቤት እንባዬ የት እንደገባ ማወቅ ከፈለጉ፣ የዚያን ዕለት የዕድሩ ዳኛ ተረክበውታል።

ጣሳው በድንኳኑ ዕቃ ተቀላቅሎ በማግስቱ ወደ ዕቃ ቤት ገባ። በአርባው ቀን ውሃ መጠጫ ሆኖ ሲዞር አየሁት፤ ሆዱ ላይ በቀይ ቀለም የዕድሩ ስም ተጽፎበታል። የንብረት አያያዛችሁን አደንቃለሁ። ቢሆንም ይመለስልኝ። ከላይ ከጻፍኩት ሁሉ አንዱን ብቻ ፈጽሙ ብባል የምመርጠው ይህን ነው። ማንቆርቆሪያ አፉ ጠባብ ነው፣ ውሃው እጅ አይነካም።

ዕድሜና ጤና ይስጥዎት፣ ወንበርዎን ያጽናልዎት፣ ድምፅዎን አይንሣን፤ ዕድራችንም ለሞተ ሰው እንዳለው ርኅራኄ ላልሞተ ነገርም ትዕግሥት ይስጠው እያልኩ፣ ውለታችሁ እስካሁን ከግቢዬ ያልደረቀልኝ፣ ታዛዥ አባላችሁ፣

ሸዋወርቅ

ግልባጭ፦
ለዕድሩ ፀሐፊና ለጥሩምባ ነፊው፣ እንዲያውቁት
ለአቶ ሁንዴ፣ አህያዋ ደኅና መሆኗን እንዲያሳውቁኝ
ለወይዘሮ ቀመሪያ፣ ከምስጋና ጋር
ለቴሌግራም ግሩፑ በሙሉ፣ የአበባ ምስል እንዳይላክበት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ዱባዋ ስትበስል ሥጋውን ቀቅዬ ለዕድሩ አቀርባለሁ፤ የመጀመሪያው ሳህን የእርስዎ ነው። ዘሩን ግን ለማንም አልሰጥም። የዕድር መዋጮዬን ያጓደልኩት ወር የለም፤ ስለዚህ የእኔም ተራ ሲደርስ ጥሩምባው እንደሚነፋ፣ ድንኳኑም እንደሚቆም አውቃለሁ። ያን ጊዜ በአጥሩ ሥር ዱባ ይኖራል። ልጄ ሶሲ ደንቡ ነውና ፍራሽ ላይ ትቀመጣለች፣ እናንተም እቀፏት፣ ንፍሮውም ይበላ። ጎህ ሲቀድ ግን ትነሣለች። እርስዎም በሕይወት ካሉ፣ ከሌሉም በወንበርዎ የሚቀመጠው ሰው፣ የነቃ እንደሆነ የተኛ ይምሰል፤ ጣሳውን ከእጇ እንዳይቀበላት።